ስለ 31ኛው ቀን የማይናገረው ዳይት፦ የተቀነሰ ክብደት ለምን ይመለሳል?

«ቦርጭን በ30 ቀን ደህና ሰንብት» የሚሉ ማስታወቂያዎች በቴሌግራምና በቲክቶክ ከተበራከቱ ሰንበት ብለዋል። ለገበያ የሚቀርቡት የአመጋገብ ሰንጠረዦች አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል፣ ምሳ ላይ ሰላጣ፣ ማታ የአትክልት ሾርባ ወይም ጭራሽ ምንም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ክልክል ናቸው። ሰንጠረዡ እያንዳንዱን ቀን በሰዓት ከፋፍሎ እስከ 30ኛው ቀን ያደርሳል። ስለ 31ኛው ቀን ግን አንድም መስመር የለውም።

ሰው የሚቸገረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የለመደውን ምግብ ሲጀምር ክብደቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ትርፍ ይዞ ይመለሳል። ይህ ሲሆን ሁለት ዓይነት ማብራሪያ ይሰማል። አንዱ «ራስን መግዛት አቅቶህ ነው» የሚል ነው። ሌላው «ዳይቱ ሜታቦሊዝምህን አበላሽቶት ነው» ይላል። ሜታቦሊዝም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ቀይሮ የሚጠቀምበትን ጠቅላላ ሂደት የሚመለከት ቃል ነው። ሁለቱም ማብራሪያዎች ከእውነቱ ቆንጥረው ይዘዋል፤ ዋናውን ነገር ግን ይስቱታል። ክብደት መቀነስና የተቀነሰውን ማቆየት የተለያየ ዝግጅት የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎች ናቸው። በገበያው ላይ የሚሸጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚዛኑ የሚያሳየው ሁሉ ስብ አይደለም

ዳይት በተጀመረ በሳምንቱ ሦስት ኪሎ ቀነስኩ ማለት የተለመደ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ጥያቄው የቀነሰው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሰውነት ከእንጀራ፣ ከዳቦና ከመሳሰሉት ካርቦሃይድሬት የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል። በአዋቂ ሰው ላይ ክምችቱ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ድንገት ሲቋረጥ ክምችቱ ይሟጠጣል፣ ውሃውም በሽንት ይወጣል። በዚህ ስሌት ስብ ሳይነካ ወደ ሁለት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። እንጀራ በተበላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ያው ሁለት ኪሎ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው «ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ» ብሎ እጅ የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው፤ የተመለሰው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው።

«ማቅጠኛ ሻይ» በሚል ስም የሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ የሚያስቀምጡ ቅጠሎችን፣ በተለይም ሰናመኪን፣ የያዙ ናቸው። የሚያስወጡት ውሃና ሰገራ እንጂ ስብ አይደለም።

ሌላው የሚቀንሰው ጡንቻ ነው። ምግቡ እጅግ ሲያንስ፣ ፕሮቲን ሲጎድልበትና አካላዊ እንቅስቃሴ ሳይኖር ሲቀር፣ ከሚጠፋው ክብደት ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ከጡንቻ ይሄዳል። ጡንቻ የሰውነትን የዕለት ፍጆታ ከሚወስኑት አንዱ ስለሆነ፣ ጉዳቱ ዳይቱ ካለቀም በኋላ ይከተላል።

የረሃብ ምላሽ

ምግብ የተከለከለ ሰውነት ምን እንደሚያደርግ በደንብ የታየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ነው። በ1944 እና በ1945 አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለ24 ሳምንታት በከፊል ረሃብ አቆያቸው። ወጣቶቹ በኅሊናቸው ምክንያት ጠመንጃ አናነሳም ያሉ ነበሩ። የጥናቱ ዓላማ በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ምግባቸው ድንች፣ ጥቁር ዳቦ፣ ማካሮኒና የመሳሰለው ሆኖ፣ በቀን የሚያገኙት ጉልበት 1,600 ካሎሪ ገደማ ነበር። ዛሬ በስልካችን የሚደርሱን ብዙዎቹ የ30 ቀን ሰንጠረዦች ከዚህም ያነሰ መጠን እንደሚያዝዙ ልብ ይሏል።

ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ብርድ ይሰማቸው ጀመር፤ ተነጫነጩ፤ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን እየሰበሰቡ የሚያነብቡም ነበሩ። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ክልከላው ከተነሣ በኋላ የታየው ነው። እንደ ልብ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ሆዳቸው ሞልቶም የማይጠግቡ ሆኑ። የስብ መጠናቸው ከመጀመሪያው በልጦ ከቆየ በኋላ ነው ቀስ በቀስ የተስተካከለው። እነዚህ ሰዎች በጥንቃቄ ተመርምረው የተመረጡ ጤነኞች ስለነበሩ፣ ከረሃቡ በኋላ የታየባቸውን አበላል የጠባይ ጉድለት ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ ጀርባ ያለው አሠራር በኋላ ዘመን ተብራርቷል። በ1994 የታወቀው ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን፣ በቂ ስብ መኖሩን ለአንጎል ይነግራል። በ1999 የታወቀው ግሬሊን ደግሞ በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጭ የረሃብ ቀስቃሽ ነው። ክብደት ሲቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል፣ ግሬሊን ይጨምራል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንታት እጅግ ዝቅተኛ ካሎሪ ባለው ምግብ አቆይተው፣ ዓመት ከሞላ በኋላ ሆርሞኖቹን መልሰው ለኩ። አብዛኛው ለውጥ ወደ ነበረበት አልተመለሰም ነበር። ሰዎቹም ከዳይቱ በፊት ከነበረው የበለጠ ረሃብ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል።

ይህ በቁጥር ምን ያህል ነው? በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ በ2016 ባቀረቡት ግምት መሠረት፣ ለእያንዳንዱ የተቀነሰ ኪሎ የዕለት የጉልበት ፍጆታ ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎት ግን ወደ 100 ካሎሪ ይጨምራል። ግምቱ አማካይ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ቢሆንም 10 ኪሎ የቀነሰ ሰው ሰውነቱ በቀን ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ያነሰ እየተጠቀመ፣ ፍላጎቱ ግን ወደ 1,000 ካሎሪ ተጨማሪ እየጎተተው ነው ማለት ነው። ሕዝቡ የሚያወራው ስለ ፊተኛው ነው፤ ትልቁ ጫና ያለው ግን በኋለኛው ላይ ነው።

ሜታቦሊዝም በእርግጥ ይበላሻል?

ይህ ወሬ የተስፋፋው በከፊል በ2016 በታተመ ሌላ ጥናት ምክንያት ነው። በአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ክብደት የመቀነስ ውድድር ላይ የተሳተፉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ከቀነሱት አብዛኛውን መልሰው ጨምረው ነበር። በዕረፍት ላይ ሳሉ ሰውነታቸው የሚጠቀመው ጉልበትም ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያንስ ነበር። ዜናው «ዳይት ሜታቦሊዝምን ለዘላለም ይገድላል» ተብሎ ተተረጎመ።

ከዚያ ጥናት ውስጥ ግን አንድ ነገር ተዘልሏል። ሜታቦሊዝማቸው ይበልጥ የቀነሰው ክብደታቸውን በተሻለ ያቆዩት ነበሩ። ብልሽቱ የመመለሱ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተቃራኒ መሆን ነበረበት። ኬቨን ሆል ራሱ ቆይቶ ለውጡ ከተሳታፊዎቹ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጽፏል። ክብደታቸው በተረጋጋ ሰዎች ላይ የተደረጉ ሌሎች ልኬቶችም ያገኙት ቅናሽ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። እንግዲህ ሜታቦሊዝም ይቀንሳል፤ «ተበላሸ» ማለት ግን ማጋነን ነው፤ ሰውን ተስፋ ከማስቆረጥ በቀርም ጥቅም የለውም።

«በፍጥነት የቀነሰ በፍጥነት ይጨምራል» የሚለው አባባልም እንደታመነው አይደለም። በሜልበርን 200 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2014 የታተመ ጥናት ገሚሶቹን በ12 ሳምንት፣ ገሚሶቹን በ36 ሳምንት አቀነሰ። ከሦስት ዓመት ክትትል በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ከቀነሱት 70 በመቶ ያህሉን መልሰው ነበር። ፍጥነቱ የራሱ አደጋ አለው፤ ለምሳሌ በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ መቀነስ ለሐሞት ጠጠር ያጋልጣል። ለመመለሱ ግን ዋናው ምክንያት እርሱ አይደለም።

የዳይቱ ዓይነትስ? በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎች ለአንድ ዓመት ገሚሶቹ ስብ፣ ገሚሶቹ ካርቦሃይድሬት ቀንሰው እንዲመገቡ ተደርጎ፣ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። በየቡድኑ ውስጥ ግን ከ20 ኪሎ በላይ የቀነሱም፣ ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ። ስለ ኬቶ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬትን እጅግ አሳንሶ ስብን ስለሚያበዛው አመጋገብ፣ የሚደረገው ጭቅጭቅ ከሚገባው በላይ ጊዜ ወስዷል። ኬቶ መጀመሪያ በ1920ዎቹ ለሚጥል በሽታ ሕክምና የተዘጋጀ አመጋገብ ነበር።

እንጀራ ጥፋተኛ ነው?

የየሰንጠረዦቹ የመጀመሪያ ተከሳሽ እንጀራ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። 100 ግራም የጤፍ እህል 13 ግራም ያህል ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል ፋይበር አለው፤ ፋይበር አንጀት የማይፈጨው፣ ጥጋብን የሚያቆይ የእህልና የአትክልት ክፍል ነው። የተጋገረ እንጀራ ደግሞ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ብዙ ሲበላ ያወፍራል፤ ይህ የማይካድ ነው። ከነጭ ዳቦና ከፓስታ ለይቶ ማሳደዱ ግን መሠረት የለውም።

በሰንጠረዡ ላይ ያልተጻፈው ዘይቱ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን አራት ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ይሰጣል። አንድ የቡና ሲኒ 60 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ በውስጡ ያለው ዘይት ወደ 500 ካሎሪ ነው። ለአራት ሰው በሚሠራ የሽሮ ወይም የምስር ወጥ ድስት ውስጥ ሁለት ሲኒ ዘይት ከገባ፣ አንድ ጉርሻ እንጀራ ሳይቆጠር ለእያንዳንዱ ሰው 250 ካሎሪ ደርሷል ማለት ነው። መፍትሔው ደግሞ ከወጥ ቤት የራቀ አይደለም። ዶሮ ወጥ የምትሠራ ባለሙያ ሽንኩርቱን በዝግ እሳት፣ ጠብ ጠብ እያደረገች በምትጨምረው ውሃ ብቻ ታቁላላለች፤ ቅባቱ የሚከተለው ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ነው። ይኸው አሠራር ለዕለት ሽሮና ለምስር ቢውል፣ ዘይቱ በግማሽ ቢቀንስም ወጡ ወጥነቱን አያጣም።

ስኳሩም እንዲሁ ነው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 36 ግራም ያህል ስኳር ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ከዕለት ጉልበት 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመርጣል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨመርበት ሂሳቡ አለፈ።

በእስራኤል የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ላይ የታየውም ይህን ያጠናክራል። በ1980ዎቹና በ1991 ከኢትዮጵያ የሄዱት ሰዎች እንደደረሱ ሲመረመሩ ስኳር ሕመም ከሞላ ጎደል አልነበረባቸውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሽታው በግልጽ ጨመረ። የተለወጠው ብዙ ነው፦ በፋብሪካ የተዘጋጀ ምግብ፣ ስኳር፣ መጓጓዣ፣ የሥራ ጠባይ። እንጀራ የነበረና የቀጠለ ነው። እርግጥ ከጎንደር ገጠር የመጣ ገበሬ በቀን የሚጓዘውን መንገድ ሳይጓዙ የእርሱን ያህል እንጀራ መብላትም አያዋጣም።

ከውጭ የተቀዱ ሰንጠረዦች የሚያዝዙት ሳልመን፣ አልመንድና ብሮኮሊ በአብዛኛው ቤት ለወር እንኳ የሚዘለቅ ወጪ አይደለም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጀውና በ2022 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ የቆመው በአገር ውስጥ በሚገኙ ምግቦች ላይ ነው። ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላና አተር ፕሮቲንና ፋይበርን አጣምረው ይዘዋል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ፎሰልያና ቀይ ስር በየገበያው አሉ። በአንድ መሶብ በሚበላበት ቤት ግራም መለካት ዘበት ቢሆንም፣ የሚነሣውን የእንጀራ ጥቅል መቁጠርና ከወጡ እኩል ጎመን እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል።

ጾሙና ፍስኩ

ጾምን እንደ ክብደት መቀነሻ የሚመክሩ አሉ፤ «ጾም ያወፍራል» የሚሉም አሉ። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው፤ በክብደት ላይ የሚያመጣው ውጤት የሚወሰነው በሚበላው ነው። ሥጋና ቅቤ የሌለበት ማዕድ ካሎሪ የሌለበት ማዕድ አይደለም፤ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና በዘይት የራሰ ፍርፍር ሁሉም የጾም ናቸው። እስከ ከሰዓት በኋላ የቆየ ሆድ ደግሞ ሲያገኝ አይመጥንም። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይም የሚታየው ከዚህ ብዙ አይለይም።

ከባዱ ቀን ፋሲካ ነው። የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም ከጥብቅ ዳይት ጋር ደርቦ የከረመ ሰው የረሃብ ሆርሞኖቹ ተነሣሥተው ባሉበት ሰዓት ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሥጋና ጠላ በአንድ ማለዳ ይቀርቡለታል። አከራካሪ ያልሆነው ምክር የጾሙን ጥሩ ክፍል ወደ ፍስኩ ማሻገር ነው፤ በሳምንት ውስጥ አብዛኞቹን ምሳዎች የሽሮ፣ የምስርና የክክ እንደሆኑ ማቆየት፣ ሥጋውን ለበዓልና ለእንግዳ መተው።

የሽግግሩ ወራት

ጥብቅ ዳይት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በብሪታንያ ዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ታዋቂ ጥናት በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየሰጠ ከሦስት እስከ አምስት ወር አቆያቸው። በዓመቱ 46 በመቶ፣ በሁለት ዓመት 36 በመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ከስኳር ሕመም ደረጃ ወርደው ተገኙ። ከየ30 ቀኑ ሰንጠረዥ የሚለየው ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ምግብ በአንድ ቀን አልተለቀቀም፤ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ተመለሰ። የጤና ባለሙያ በየወሩ ይከታተላቸው ነበር። ክብደቱ ከሁለት ኪሎ በላይ የጨመረ ሰው ወዲያውኑ የአጭር ጊዜ ማስተካከያ ይሰጠው ነበር።

ይህን ወደ ራስ ቤት ማምጣት ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት በምሳ ላይ ብቻ ግማሽ እንጀራ መጨመር፣ ሳምንት ቆይቶ ቁርስ ላይ የበሶ ወይም የገብስ ገንፎ መመለስ፣ ከዚያ እራት። በየደረጃው በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሁኔታ መመዘን። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ኪሎዎች የውሃ እንደሆኑ ማወቅ፤ ከዚያ በኋላ ለተከታታይ ሳምንታት የሚጨምረውን ግን ችላ አለማለት። በየማዕዱ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ እርጎ ወይም አይብ መኖሩ ለጥጋብም ለጡንቻም ይረዳል።

በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፣ በየሳምንቱ ይመዘናሉ፣ በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ይንቀሳቀሳሉ። ተመዝጋቢዎቹ የተሳካላቸው ብቻ ስለሆኑ፣ ልማዶቹ ለስኬታቸው ምክንያት ናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም። የአንድ ሰዓቱ እንቅስቃሴ ግን በሌሎች ጥናቶችም ይደገፋል፤ እንቅስቃሴ ክብደት ከመቀነስ ይልቅ የተቀነሰውን በማቆየት ይበልጥ ይጠቅማል።

ግቡን ማሳነስም አለ። በ2002 የታተመ፣ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩ ሰዎች ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለ85 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ነው። በማስታወቂያ የማያምር ቁጥር ነው፤ ለማቆየት ግን ከ20 ኪሎ ይልቅ ይቀላል።

መርፌዎቹስ?

ሴማግሉታይድ የተባለውን መድኃኒት የያዙት እንደ ኦዜምፒክና ዌጎቪ ያሉ መርፌዎች የምግብ ፍላጎትን በቀጥታ ይቀንሳሉ፤ ከላይ የተነገረውን ትልቁን ጫና ይነካሉ ማለት ነው። ለዚህም ነው ውጤታቸው ከዳይት ብቻ የበለጠው። መርፌው ሲቆም ግን ጫናው ይመለሳል። በ2022 በታተመ ጥናት መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ከውጭ በሻንጣ መጥቶ ለሦስት ወር ብቻ የሚወሰድ መርፌ ውድ የሆነ የ30 ቀን ሰንጠረዥ ነው ቢባል አያስኬድም አይባልም።

ያለ ሐኪም የማይሞከር

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የኩላሊት ሕመምተኛ፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ችግር የነበረበት ሰው ጥብቅ ዳይት በራሱ ውሳኔ ሊጀምር አይገባም። ለረጅም ጊዜ ከሞላ ጎደል ምንም ያልበላ ሰው ድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉ ማዕድናት ተዛብተው ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል፤ ስለዚህ አመላለሱም ክትትል ይፈልጋል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድን የመሰሉ እንክብሎች የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ምግብ ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን ካልተቀነሰ ስኳራቸው አደገኛ በሆነ መጠን ይወርዳል፤ ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። እንጀራው ሲመለስ ደግሞ በዳይቱ ወቅት የተቀነሰው መጠን ላይበቃ ይችላል፤ ስኳሩም ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ጋር የሚኬደው ሁለት ጊዜ ነው፤ ዳይቱ ሲጀመርና ምግቡ ሲመለስ። በሁለተኛው ጊዜ በባዶ ሆድና ከምግብ በኋላ የተለኩ የስኳር ውጤቶችን በወረቀት ይዞ መቅረብ ለሐኪሙ ሥራውን ያቀልለታል።